የቤተ መንግሥቱ አበልጅ

ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ማርች 3

ለእናቴም ምትክ፣ ለእኅቴም ምትክ ለሆንሽው ለእታለም ኢስሜን፣

እንዴት ከረምሽ? ባልሽ ዲዩጁስትስ እንዴት ነው? ጀልባ መጥረቡን አላስታጎለም? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ በካዴ ጀልባ ደርሶኛል። አብረሽ የላክሽው የካካዎ ድብልብል መንገድ ላይ የባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ቢሆንም አፍልቼ ጠጥቼዋለሁ፣ ጨው ጨው ቢልም የአገራችን የኮራይ ጨው ነው። መልስ ያዘገየሁት ሥራ አላስቀምጥ ብሎኝ ስለሆነ ይቅር በይኝ።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ጢሜን እየተላጨሁ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ አገጬን ቆርጬ ልሞት ነበር። የፕሬዚዳንቱ የፖለቲካ አማካሪ ሆኛለሁ። ንግግራቸውን እጽፋለሁ፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ እላለሁ፤ ሲቆጡ ደግሞ ዝም እላለሁ። ዋናው ሥራ የመጨረሻው ነው።

ጓደኛሞች ናችሁ ወይ ላልሽው፣ ፕሬዚዳንት ጓደኛ የለውም። ግን ስሜን ያውቃሉ። በቀደም ዕለት «ኔስቶር፣ ያንተ ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ አይሰነቀርም» አሉኝ። የዓሣ ነጋዴ ወንድም ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያንን ሁሉ ዓሣ ጭንቅላትሽ ላይ ተሸክመሽ ያስተማርሽኝ በከንቱ አልሆነም።

ፅንስ መያዝሽን ሳነብ ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ! የክርስትና አባት ማን ይሁን ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከኮራይ ሰው ማንንም እንዳትለምኑ። ለእኔ ተዉት። ያ የወደባችሁ አዛዥ፣ ሻምብል ኦዝያስ፣ በደጃችሁ ሲያልፍ ቆቡን የሚያነሳበት ስም አመጣላችኋለሁ።

ወንድምሽ ኔስቶር


ኮራይ፣ ጁላይ 20

ለወንድሜ ለኔስቶር፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጄ አልታግራስ የሸናችበት ነጭ ልብስህ ለቀቀልህ? ካለቀቀ በሎሚ እሸው፤ የቤተ መንግሥት አጣቢዎች ይህን አያውቁም። በክርስትናዋ ማግስት የዳቦ ፍሬ ቀቅዬ ቶምቶም ወቅጬልህ፣ የባሚያ ወጡ እሳት ላይ እያለ፣ ሳትሰናበተን መሄድህ ቅር አሰኝቶኛል። የመንግሥት ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰዉ አሁንም ወሬው እሱ ነው። አባ ላኑ በመጠመቂያው አጠገብ «ክርስትና የሚያነሳት ማነው?» ሲሉህ፣ አንተ ኮትህን ሳብ አድርገህ «ክቡር ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ እኔ እንደራሴያቸው ሆኜ ቆሜያለሁ» ስትል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ቄሱም ከቤተ መንግሥት የመጣን ሰው ምን ማስረጃ ይጠይቁታል? አሮጊቷ ቶኒን ስንወጣ ምን አለች መሰለህ፦ «ኢስሜን ይህን ያህል ዘመን መካን የሆነችው ለካስ ልጅቱ ቤተ መንግሥት በር ላይ ወረፋ ይዛ ነው።»

ባሌን ግን ምን አደረግክብኝ? ገበያ በወጣ ቁጥር «አበልጄ እንዳሉት» ማለት ጀምሯል። ምን እንዳሉት ራሱም አያውቅም። ያለፈው ቅዳሜ ሻምብል ኦዝያስ በደጃችን ሲያልፍ፣ አንተ እንዳልከው፣ ቆቡን አነሳለት። ዲዩጁስት መጥረቢያውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ከደስታው ብዛት እራቱን መብላት አቃተው።

ምን ልላክላችሁ ብለኸኛል። ምንም አትላክ። ይልቅ ለአበልጃችን የካሳቫ ቂጣና ካካዎ ልኬያለሁና በእጅህ ስጥልኝ። ትንሽ ነው ብለህ እንዳታፍር። አበልጅ ከአበልጁ ቤት ካልቀመሰ ዝምድናው አይጠናም ትል ነበር እናታችን። ልጅቷን አገላብጠህ የሳምክበት ቦታ ሁሉ ወፍሯል።

እኅትህ ኢስሜን


ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ሴፕቴምበር 11

ለውድ እታለም፣

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሹመት ያዳብር ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ሚኒስትር ሆኛለሁ፤ የምክሩም ሥራ እንዳለ ነው። አሁን ሁለት ወንበር ነው ያለኝ፣ መቀመጫዬ ግን ያው አንድ ነው። ዲዩጁስት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ያስጻፈውን አይቼ ሳቅሁ። ንገሪልኝ፣ እዚህ ከተሻረ በኋላ ለመቆጨት ጊዜ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው።

ቂጣውን ሰጥቻቸዋለሁ። ወደውታል። ስለ ልጅቷ ምን አሉ ላልሽኝ፣ ብዙ የክርስትና ልጆች ስላሏቸው ስም አይዙም። ሁለተኛ ባትልኪ ይሻላል፤ ከውጭ የመጣ ምግብ ሳይመረመር አይገባም፣ ሰው ያስቸግራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ፣ አትቀየሚኝ። ዲዩጁስት ያንን ስም ገበያ መሐል አይጥራ። አበልጅነት የቤት ነገር ነው፤ በቤት ይቅር። ታላላቅ ሰዎች ስማቸው በየመንደሩ ሲነሳ ደስ አይላቸውም። እንዴት ብለሽ እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከኔ እንደመጣ ግን አትንገሪው።

ኔስቶር


ኮራይ፣ ኦክቶበር 2

ወንድሜ፣

ሰላምታውን እንዳልኩህ ቁጠረው። ዲዩጁስትን ወሰዱት።

የጻፍከውን ነግሬው ነበር። «ወንድምሽ ሚኒስትር ከሆነ ወዲህ ጥላውን ይፈራል» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሻምብል ኦዝያስ አዲሱን ጀልባ ለወታደሮቼ እፈልገዋለሁ፣ ስጠኝ አለው። እንዲሁ በነጻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰጥ ነበር፤ ዲዩጁስትም ባለፈው ዓመት ቢሆን ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ዓሣ የሚመዝኑት ሁሉ ቆመው እየሰሙ «አበልጄን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻምብሉም አብሮ ሳቀ፤ እኔን ያስፈራኝ የሱ ሳቅ ነው። «እንግዲያው እኔም ልጠይቅ» ብሎ ሄደ።

ከሰነበተ በኋላ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። ዲዩጁስት የጀልባውን ወለል እየላገ ነበር። «ሸሚዜን ልልበስ» አላቸው፣ ከለከሉት። እኔ ልጅቷን ታቅፌ ተከተልኳቸው፤ በመንገዱ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ያያል። ባሕሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ብዙ አልጠይቅህም። ለአበልጃችን አንድ ቃል ንገራቸው። አልታግራስን ክርስትና ያነሱ ሰው አባቷን እንዴት ያሳስራሉ? ኦዝያስ በራሱ ያደረገው ነው እንጂ እሳቸው ቢያውቁ አይፈቅዱም። አንድ ቃል ብቻ፣ ኔስቶር።

ኢስሜን


ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ኦክቶበር 14

ለውድና ለተከበርሽው እታለም ኢስሜን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ እላለሁ። ትንሿ አልታግራስ እንዴት ናት? ጥርስ አበቀለች? ዝናቡስ እንዴት ነው? እዚህ ከተማው በጎርፍ ተጥለቅልቋል። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቶሎ ያልመለስኩት ደኅና ነገር ይዤ ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

ነገሩን ይዤዋለሁ። እመኚኝ፣ ይዤዋለሁ። ግን ጉዳይ ሁሉ ጊዜ አለው። አሁን ፕሬዚዳንቱ በሠራዊቱ ጉዳይ አዝነዋል፤ አንድ ሻምብል ተሳስቷል ብሎ መናገር የሚቻልበት ሳምንት አይደለም። ደግሞ ነገሩን በትልቁ በር ማስገባት ሳይሆን በጎን በር ማስወጣት ይሻላል። ይህን ሥራ ስለማውቀው ነው የምልሽ።

ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ ብለሽ አትመራመሪ። ኦዝያስን እንዳታናግሪው። ቄሱንም አትጠይቂ። ዝም በይና ጸልዪ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪልኝ።

ኔስቶር


ኮራይ፣ ኖቬምበር 2

ኔስቶር፣

ዛሬ የሙታን ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሻማውንና ክሌረን የሚባለውን አረቄ ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል፣ ሙታኑን ያጫውታል፣ ያስቃል። እኔ ወዴት ልሂድ? ባሏ የሞተባት እንዳልባል በሕይወት አለ ይሉኛል። ባል ያላት እንዳልባል ቤቱ ባዶ ነው። ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ካዴ ከከተማ ሲመለስ ዲዩጁስትን ወደዚያ ወደ ትልቁ ወህኒ እንዳሻገሩት ሰምቶ መጣ። ካንተ ቢሮ በእግር ይደረሳል አለኝ። እውነት ነው? በእግር የሚደረስ ከሆነ አይተኸው መጥተህ ንገረኝ። ሳንባው ደካማ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሲሚንቶ ላይ መተኛት አይችልም። ሸሚዝ አልያዘም።

«ጉዳይ ሁሉ ጊዜ አለው» የምትለው ለእነማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደጅ ለሚጠኑህ ሰዎች ነው። እኔ ደጅ ጠኚህ አይደለሁም። አዝዬ ያስተኛሁህ፣ ንፍጥህን የጠረግሁ እኅትህ ነኝ። ጠየቅሃቸው ወይስ አልጠየቅሃቸውም? አዎ ወይም አይ በል። ሌላ ነገር አትጻፍልኝ።

ኢስሜን


ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ኖቬምበር 19

እታለም፣

አልጠየቅኋቸውም። ገና ነው።

አይደለም፣ አላየሁትም። እስከ ወህኒው በር ሄጄ ነበር። መኪናዬን ግን አላስቆምኩም። አንድ ሚኒስትር እዚያ በር ላይ ሲቆም ማን እያየ ማን እንደሚጽፍ አታውቂም። ሸሚዝ፣ ሳሙናና ምንጣፍ በሰው ልኬለታለሁ፤ እንደደረሰው ነግረውኛል። በሕይወት አለ። ይህን በእርግጥ አውቃለሁ።

ሌላም ሹመት ጨምረውልኛል። ሬዲዮውን ሰምተሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔ አልለመንኩም። ሰዎች በየደረጃው እየቆሙ ሹመት ያዳብር ይሉኛል፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። ቀን ቀን ስለ እናንተ የማላስበው አይምሰልሽ። ጫማ ሳደርግ አስባለሁ፤ ምግብ ሲቀርብ አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ።

ወደዚህ ለመምጣት አስበሻል አሉ። እባክሽ አትምጪ።

ኔስቶር


ኮራይ፣ ዲሴምበር 12

ለክቡር ሚኒስትር ኔስቶር ቪልፍራን፣

ክቡርነትዎ ደኅና ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

ሻምብል ኦዝያስ ቤቴ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዲዩጁስት የሠራው ወንበር ነው። «እመቤት ኢስሜን፣ ሰው እንደሚለው ክፉ ሰው አይደለሁም» አለኝ። «ባልሽን ከመንካቴ በፊት ቤተ መንግሥትን ጠይቄያለሁ። ይህ ሰው አበልጅ ነኝ ይላል፣ እውነት ነው ወይ ብዬ። እውነት ነው ቢሉኝ ኖሮ ጀልባውን ራሴ ቀለም እቀባለት ነበር። እንዲህ ያለ አበልጅ አይታወቅም የሚል መልስ መጣልኝ። ከማን እንደመጣ ልንገርሽ?»

አትንገረኝ አልኩት። ነገረኝ።

አላመንኩትም። ቄሱን አትጠይቂ ብለኸኝ ነበር፣ እኔ ግን አባ ላኑ ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ጥምቀቱ የጸና ነው። ሰውየው ይወቁትም አይወቁትም ልጅቷ የክርስትና ልጃቸው ናት» አሉኝ። ይወቁትም አይወቁትም! አሁን ሁሉም ገባኝ። አልነገርካቸውም። ያኔም አልነገርካቸው፣ ዛሬም አልነገርካቸው። ካሳቫውንስ ማን በላው? ነጭ ልብስ ለብሰህ መጥተህ በሰው ስም ልጄን አነሳህ፤ ባሌ በዚያ ስም ታመነ፤ በዚያ ስም ሲጠይቁህ ካድከው። ዲዩጁስት ቀልደኛ ነው እንጂ ጅል አይደለም። ያንን ስም አንተ ባትሰጠው ኖሮ ጀልባውን ሰጥቶ፣ ኦዝያስን ከኋላው ሰድቦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ጃንዋሪ አንድ ጠዋት የክርስትና ልጅ ክርስትና አባቷን እንኳን አደረስዎ ልትል ትሄዳለች። ይህን እኔ አላመጣሁትም፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያ ቀን በራቸውን ከፍተው የክርስትና ልጆቻቸውን እንደሚቀበሉ ሬዲዮው በየዓመቱ ይናገራል። አልታግራስን አልብሼ እመጣለሁ።

ኢስሜን


ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ዲሴምበር 22

እታለም፣ በእናታችን አፅም። አትምጪ።

ካዴን የጠየቅሽው ጀልባ መቼ ይነሳል ብለሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሰው እጅሽ ላይ ካላደረሰ እንዳይመለስ አዝዤዋለሁ።

እንዴት አስችሎህ ካድክ ብለሻል። የኦዝያስ ቴሌግራም ሲነበብ ፕሬዚዳንቱ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ቀና ሳይሉ «ኔስቶር፣ ኮራይ ያንተ አገር አይደል? እዚያ አበልጅ አለኝ እንዴ?» አሉ። አዎ ብል «መቼ ነው?» ይሉኛል። በስማቸው፣ ሳላስፈቅዳቸው፣ በመጠመቂያ ፊት ቆሜ ነበር እንዴት እላለሁ? ከዚህ ያነሰ ነገር ያደረጉ ሰዎች ቤታቸው ዛሬ ሌላ ሰው ይኖርበታል። የቆሙት ሁሉ ያዩኛል። «አይታወቅም» አልኩ። መልሱንም ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። ብርቱካኑን ልጠው ሲጨርሱ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። በላሁት።

ያን ቀን ኮራይ ስመጣ ክፉ አላሰብኩም። በኋላ፣ ደስ ያላቸው ቀን፣ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ደስ ያላቸው ቀን ሲመጣ ደግሞ ደስታቸውን ማበላሸት ከበደኝ። የኔ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው የሄደው፣ እታለም፤ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እዚህ ደረስኩ።

ለፋሲካ አስወጣዋለሁ። እምልልሻለሁ። እምቢ ብለሽ ከመጣሽ ግን፣ ማን ቆመልኝ ሲሉሽ የኔን ስም አትጥሪ። የሌላ ሰው ስም ጥሪ። የሞተ ሰው ስም ጥሪ። እለምንሻለሁ።

ኔስቶር


ከወህኒ ቤት፣ ጃንዋሪ 27

እታለም፣

እንዴት ታሰርክ ብለሽ የላክሽውን ጥያቄ የእስረኞቹ ቄስ አባ ሴቬር አድርሰውልኛል፤ ይህንንም በካዴ ጀልባ የሚልኩልሽ እሳቸው ናቸው። በእርሳስ ስለጻፍኩ ይቅር በይኝ። አልተቀየምኩሽም። መልሱ ይኸው ነው።

የአዲስ ዓመት ጠዋት እዚያ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። መጋረጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሰልፉ ውስጥ አየሁሽ፤ ያቺ የእናታችን ቢጫ ቀሚስ ናት። «አበልጄ፣ የክርስትና ልጅዎን አምጥቻለሁ» ስትያቸው አዳራሹ ሁሉ ሰማ። እሳቸው ልጅቷን አዩ፣ አንቺን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ሳቁ። አነሷት። «ግንባሯ የኔ ነው» አሉ። ከራሳቸው ሳህን የአዲስ ዓመቱን የዱባ ሾርባ አቀመሷት። ለካስ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሕፃን ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው የለም። እኔ ሌላውን ሁሉ ስመክራቸው ኖሬ ይህን አላሰብኩም። ራሴ ልጅቷን ታቅፌ ብገባ ኖሮ ይኸው ይሆን ነበር።

«ማን ቆመልኝ?» ሲሉሽ ዓይንሽ ፈለገኝ። አገኘኝም። ትዋሻለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። «ወንድሜ ኔስቶር» አልሽ። እንዴት እንደወጣሽ እንኳ አላየሁም። ባሌ ታስሯል ስትያቸው «አበልጄ በአዲስ ዓመት ቀን ወህኒ?» ብለው ሲቆጡ፣ የወህኒው አዛዥ ሊያስፈታው ሲሮጥ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ አስጠሩኝ። «አበልጄን ስላስተዋወቅኸኝ አመሰግናለሁ» አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ከዚያ «እስኪ ንገረኝ፣ ሌላስ የት የት ነው እኔን ሆነህ የቆምከው?» አሉ። አንድ ቦታ ብቻ ነው ብል ማን ያምነኛል? ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት። ሬዲዮው «ለሌላ ተግባር ተጠርተዋል» እንዳለ ነግረውኛል። ያቺን ሐረግ የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ለሌሎች ነበር የጻፍኳት።

ዲዩጁስት የተኛበት ቦታ ላይ ነው ያስተኙኝ። እስረኞቹ ናቸው የነገሩኝ። እየቀለደ ያስቃቸው ነበር አሉ። ሚስቴ ወንድም አላት፣ እሱ ያስወጣኛል ይላቸው ነበር አሉ። ስሜን ሲሰሙ እንዴት እንዳዩኝ አልነግርሽም።

እታለም፣ ለመለመን ፊት የለኝም። ግን አሁን አበልጃቸው አንቺ ነሽ። እኔ ለአንቺ ያላልኩትን አንድ ቃል አንቺ ለእኔ በይልኝ። ደም መትፋት ጀምሬያለሁ። ፋሲካን የማገኝ አይመስለኝም።

ኔስቶር


ኮራይ፣ ፌብሩዋሪ 9

ወንድሜ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። አልታግራስ ደኅና ናት። ዲዩጁስት እንዴት እንደሆነ እስካሁን ያልነገርኩህ መጻፍ አቅቶኝ ነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። ቆሞ ነው የሚበላው። በር ሲዘጋ ይወጣል፤ እንቅልፉንም የሚተኛው ጀልባዎቹ መሐል አሸዋ ላይ ነው። ይቀልዳል፣ ግን ቀልዱን ሳይጨርስ ይረሳዋል።

ደብዳቤህን አንብቤ ደበቅኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ልለምንልህ አልፈለግሁም። ባሌን አግኝቻለሁ፣ በቃኝ አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ እጄን ብዘረጋ የመጀመሪያውን መልሰው ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ጠልቼህም ነበር። እንደዚያ የጠላሁህ እለት ደግሞ ትንሽ ሳለህ ኩፍኝ ይዞህ ጀርባዬ ላይ ስታቃስት የነበረው ትዝ ይለኝና ሥራ መሥራት ያቅተኛል።

ካዴ ነው ያጋለጠኝ፤ ለሚስትህ ደብዳቤ ሰጥቻታለሁ ብሎታል። ዲዩጁስት ማንበብ እንደማይችል ታውቃለህ። «አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት፤ የመጨረሻውን ዘለልኩ። «መጨረሻውስ?» አለኝ። «አልቋል» አልኩት። «ኢስሜን፣ ከዚያ ቤት የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ የሚለምነው ነገር አያጣም» አለ። አነበብኩለት።

ከዚያ ተነስቶ ጢሙን ተላጨ። «አበልጅየው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለ። «አንቺን በልጅቷ ተቀብለዋል፤ እስኪ የኔን መልክ ደግሞ ይዩት። ጥርስ የሌለው አበልጅ ከየት ያገኛሉ?»

አበድክ እንዴ አልኩት። አዲስ ዓመት አልፏል፣ በሩ ተዘግቷል፣ የሚያይ ሕዝብ የለም፣ ብቻህን ሄደህ ምን ልትላቸው ነው አልኩት። ልጅቷን ይዘህ ሂድ አልኩት፣ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ያልነገርኩትን ነገርኩት። አይታወቅም ብሎ የጻፈው እሱ ነው፣ በእጁ ነው የካደህ አልኩት። ይህን ስሰማ እንዴት እንደሆንኩ ስለማውቅ ይቀራል ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እዚያው እያለሁ ነው የነገሩኝ።» ቀጥሎም «የተኛበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ» አለ።

ዛሬ ጠዋት በካዴ ጀልባ ሄደ። ወደቡ ድረስ ሸኘሁት። ልይዘው ፈልጌ ነበር፣ አልያዝኩትም። ይህን ደብዳቤ ከኋላው በሚነሳ ጀልባ ለአባ ሴቬር እልከዋለሁ፤ መጻፌን እሱ አያውቅም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እሱ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ያንተን ስም እየጠራ።

ኔስቶር፣ ከፈቱህ፣ እሱን ሳትይዝ ወደ ኮራይ እንዳትመጣ።

ኢስሜን